የውጫሌ ወረቀትና የመካነ ሰላም ተማሪ

በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ብዙ ጊዜ ሰሌዳ ላይ የሚሠፍር አንድ ሠንጠረዥ አለ። በግራው ዓምድ በቅኝ አገዛዝ ሥር የወደቁት የአፍሪካ አገሮች ከገዥዎቻቸውና ነፃ ከወጡበት ዓመት ጋር ይደረደራሉ። በቀኙ ዓምድ ኢትዮጵያ ብቻዋን ወይም ከላይቤሪያ ጋር ትቆማለች። ከሠንጠረዡ በታች «ኢትዮጵያ በቅኝ ያልተገዛች አገር ናት» የሚል ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፤ ተማሪውም በደብተሩ ገልብጦ ለፈተና ያጠናዋል።

ይህ ዓረፍተ ነገር ሐሰት ነው ለማለት የሚደፍር የለም። አባቶችና እናቶች በደማቸው የጻፉት ነው። ነገር ግን ታሪክ ዕውቀት የሚሆነው «ለምን?» እና «እንዴት?» ተብሎ ሲጠየቅ በመሆኑ፣ ዓረፍተ ነገሩ ያለ ጥያቄ ሲሸመደድ ሦስት ጉድለት ያስከትላል። አንደኛ፣ ነፃነት ያለ ድካም የሚወረስ የአባት ርስት ይመስላል። ሁለተኛ፣ በግራው ዓምድ የሠፈሩት ሕዝቦች ያልተጋደሉ፣ ጀግና ያላፈሩ ያስመስላል። ሦስተኛ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የነበሩት አምስት የመከራ ዓመታት በሁለቱ ዓምዶች መካከል ቦታ አጥተው ይቀራሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር በውስጧ አራት የተለያዩ ታሪኮችን እንደምትይዝ ማሳየት ነው። ለዚህም ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ምሳሌው በወሎ ደጋ ላይ ይገኛል።

የመካነ ሰላም ዙሪያ

መካነ ሰላም በክፍለ ሀገር ዘመን የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች፤ ዛሬም የደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ማእከል ናት። ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል የሚመጣው መንገድ ደጋውን አቋርጦ ይደርስባታል። ከዚያ ወደ ምዕራብ ምድሩ እየተቆረሰ ወደ ዓባይ በረሃ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ጎጃም ነው።

በዚህች ከተማ የሚማር ልጅ ስለ ቅኝ አገዛዝ ሲማር ስለ ሩቅ አገር የሚማር ይመስለው ይሆናል። ሆኖም ከከተማዋ በስተ ሰሜን፣ ከአማራ ሳይንት ወዲያ፣ በበሽሎ ሸለቆ አፋፍ ላይ መቅደላ አለ። በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ ከደሴና ከሐይቅ ወዲያ፣ በአምባሰል ምድር ውጫሌ አለ። በስተ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ወደ ሸዋ በሚወስደው አቅጣጫ ወረኢሉ አለ። ኢትዮጵያ ከአውሮፓ ኃይሎች ጋር ያደረገችው ትግል በ30 ዓመት ውስጥ በነዚህ ሦስት ቦታዎች አልፏል። ስለዚህ መምህሩ የሚያስፈልገው ካርታ በእጁ ነው።

መቅደላ፦ መጥቶ የሄደው ጦር

አፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን በማሰራቸው ምክንያት፣ በ1860 ዓ.ም. በጄኔራል ናፒየር የሚመራ 13,000 ያህል የእንግሊዝና የሕንድ ወታደር ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ ወደ መቅደላ ዘመተ። በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ውጊያ የንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት በዘመናዊ መሣሪያ ተመታ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ እጃቸውን ለጠላት አልሰጥም ብለው ራሳቸውን ሰዉ። አምባው ተቃጠለ፤ ተዘረፈም። ለዘረፋው ማጓጓዣ 15 ዝሆኖችና 200 ያህል በቅሎዎች እንዳስፈለጉ ይነገራል። ከዚያ የተወሰዱት የብራና መጻሕፍትና ታቦታት ዛሬም በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ይገኛሉ። በልጅነቱ የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁም በ18 ዓመቱ በዚያው በእንግሊዝ አገር ሞቶ በዊንድሶር ተቀበረ።

እዚህ ላይ መምህሩ ሊያነሣው የሚገባ ከባድ ጥያቄ አለ። የእንግሊዝ ጦር አሸንፎ ነበር፤ ታዲያ አገሪቱን ለምን አልያዘም? መልሱ ስለ ተሸነፈ አይደለም። የዘመቻው ዓላማ እስረኞቹን ማስለቀቅ ስለ ነበር፣ ተራራማውን አገር ይዞ መቆየትም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ ነው። ቅኝ አለመገዛታችን በዚህ ጊዜ የኛ ድል ሳይሆን የባዕዱ ሒሳብ ውጤት ነበር። ይህን ለተማሪ በግልጽ መናገር የቴዎድሮስን ክብር አይቀንስም። የወረራ ዘመቻና ቅኝ አገዛዝ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ግን ያስተምራል፤ ያለ ቅኝ አገዛዝም ቢሆን አንድ ሕዝብ ቅርሱን ሊዘረፍ እንደሚችል ያሳያል።

ውጫሌ፦ በወረቀት የመጣው ኃይል

በመቅደላ አምባ ታስረው ከነበሩት መካከል አንዱ የሸዋው ልዑል ምኒልክ ነበሩ። በልጅነታቸው በቴዎድሮስ ተማርከው አሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. ከአምባው አምልጠው በወሎ በኩል ወደ ሸዋ ሲሻገሩ መንገድ የሰጧቸው የወሎዋ እመቤት ወርቂት ነበሩ። እኚሁ ምኒልክ ከ24 ዓመት በኋላ ተመልሰው በወሎ ምድር ላይ አንድ ወረቀት ፈረሙ።

ጊዜው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነበር። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም። ኢጣልያ ምፅዋን በ1877 ዓ.ም. ይዛ ወደ ደጋው ለመውጣት ትጣጣር ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ ራስ አሉላ ቢመቷትም ዓላማዋን አልተወችም። ምኒልክ በበኩላቸው ዙፋናቸውን ለማጽናት መሣሪያና ዕውቅና ይፈልጉ ነበር። የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የውጫሌን ውል ይዞ የቀረበው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው።

ሁሉም ተማሪ የሚያውቀው አንቀጽ 17ን ነው። በአማርኛው ጽሑፍ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች የአውሮፓ መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ መንግሥት ረዳትነት ለመጠቀም «ይቻላቸዋል»። በኢጣልያንኛው ግን ፈቃዱ ግዴታ ሆነ። ኢጣልያም ኢትዮጵያ በጥበቃዋ ሥር መግባቷን ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ በቀጥታ ለአውሮፓ ነገሥታት በጻፉ ጊዜ በኢጣልያ በኩል እንዲጽፉ የሚያመለክት መልስ መጣላቸው፤ በዚህም ተንኮሉ ተገለጠ። ከክርክር በኋላ በ1885 ዓ.ም. ውሉን ማፍረሳቸውን አስታወቁ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ግን የዚያው ውል አንቀጽ 3 ነው። ይህ አንቀጽ ወሰን ይከልላል፤ ሐላይን፣ ሰገነይትንና አስመራን በኢጣልያ በኩል ያደርጋል። በዚህ አንቀጽ ላይ የቋንቋ ማታለል አልነበረም። ኢጣልያ ከዚያም አልፋ እስከ መረብ ወንዝ ገፋች፤ በ1882 ዓ.ም. ኤርትራ የተባለውን ቅኝ ግዛቷን በይፋ አወጀች።

እንግዲህ አንባቢ ይህን ልብ ይበል። በሠንጠረዡ በግራው ዓምድ «ኤርትራ» የሚለው ስም የሠፈረውና በቀኙ ዓምድ «ኢትዮጵያ» የሚለው ስም የቀረው በሁለት የተለያዩ ሰነዶች አይደለም። በአንድ ወረቀት ላይ ባሉ ሁለት አንቀጾች ነው። አንደኛው አንቀጽ ተቃውሞ ገጥሞት ፈረሰ፤ ሁለተኛው ጸና። ወረቀቱም የተፈረመው በወሎ መሬት ላይ ነው። የመካነ ሰላም ተማሪ «ቅኝ የተገዛ» እና «ቅኝ ያልተገዛ» የሚሉት ቃላት ከየት እንደ መጡ ሊጠይቅ ሲነሣ፣ ይህን ሳያውቅ መልስ ሊያገኝ አይችልም።

ወረኢሉና አድዋ

ውሉ በተፈረመበት ጊዜ አገሪቱ በክፉ ቀን ውስጥ ነበረች። በምፅዋ በኩል ከገቡ የታመሙ ከብቶች የተነሣው የከብት እልቂት በሬውን ፈጅቶ ማረሻ አስፈታ፤ ረኃብና ወረርሽኝ እስከ 1884 ዓ.ም. ሰውን ጨረሰ። ወሎም ከተጎዱት አገሮች አንዱ ነበር። ከዚህ እልቂት የተረፈው ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በኋላ እንደገና ስንቁን ቋጥሮ እንዲዘምት ተጠራ።

በመስከረም 1888 ዓ.ም. የክተት አዋጅ ታወጀ። የሸዋ ጦር እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ታዘዘ። ወረኢሉ ከሸዋ የሚመጣው ሠራዊት የሚገናኝባት የዘመቻው በር ሆነች፤ ሠራዊቱም ከዚያ የወሎን ደጋ ተከትሎ ወደ ሰሜን ገሠገሠ። የራስ ሚካኤል የወሎ ፈረሰኛ ክርስቲያኑም እስላሙም በአንድነት ተሰልፎ አድዋ ደረሰ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የተገኘው ድል ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ መንገር አያስፈልግም። በጥቅምት 1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በተፈረመው ውል ኢጣልያ የውጫሌን ውል መሻርና የኢትዮጵያን ሙሉ ነፃነት ተቀበለች።

ነገር ግን ድሉን ሙሉ አድርጎ የሚያስተምር መምህር የውጊያውን ሌላ ገጽም ይከፍታል። ከኢጣልያ ብርጌዶች አንዱ፣ በጄኔራል አልቤርቶኔ የሚመራው፣ ከቅኝ ግዛቷ በተመለመሉ አስካሪዎች የተገነባ ነበር። ከድሉ በኋላ የተማረኩት ኢጣልያውያን ተጠብቀው ቆይተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ የተማረኩት አስካሪዎች ግን እንደ ከዳተኛ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው እንዲቆረጥ ተፈረደባቸው። ከሰባት ዓመት በፊት አንቀጽ 3 ወደ ባዕድ በኩል ያደረጋቸው ሰዎች አሁን ባዕድን በማገልገላቸው ተቀጡ። የሰላሙ ውልም መሬታቸውን ለኢጣልያ እንደ ተወ ቀረ። ይህን ሐዘን ሳይነኩ የአድዋን ድል ማስተማር ይቻላል፤ ቅኝ አገዛዝ ሕዝብን እንዴት እንደሚከፋፍል ማስተማር ግን አይቻልም።

ከመረብ ማዶ

ታዲያ ከመረብ ማዶ ያለው ሕዝብ አልተጋደለምን? ባሕታ ሐጎስ በመጀመሪያ ከኢጣልያኖች ጋር የሠሩ የአካለ ጉዛይ ባላባት ነበሩ። የቅኝ ገዥው መንግሥት የገበሬውን ርስት እየነጠቀ ለኢጣልያውያን ሠፋሪዎች ማደል በጀመረ ጊዜ ግን በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. በሰገነይቲ ተነሡ፤ የኢጣልያንን ሹም አሰሩ፤ ሐላይ ላይም ተዋግተው ወደቁ። ይህ የሆነው ከአድዋ ድል አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት አስቀድሞ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው አገዛዝ ከመሬት አልፎ አእምሮን ያዘ። በኤርትራ ለአገሬው ልጅ የተፈቀደው ትምህርት ከአራተኛ ክፍል አያልፍም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1938 የቅኝ ግዛቱ የትምህርት ኃላፊ እንዳስታወቀው፣ ተማሪው በአራተኛው ዓመት መጨረሻ መጠነኛ ኢጣልያንኛና አራቱን የሒሳብ መደቦች ካወቀ ይበቃዋል፤ ከታሪክም ማወቅ የሚገባው ኢጣልያን ታላቅ ያደረጉትን ሰዎች ስም ብቻ ነበር። መምህራን ይህን ነጥብ እንዲያጤኑት ያስፈልጋል። ቅኝ ገዥው የሚፈራው ስም የሚሸመድድ ተማሪ አልነበረም፤ «ለምን?» የሚል ተማሪ ነበር። እኛም ታሪክን ስምና ዓመተ ምሕረት ብቻ አድርገን ስናስተምር፣ ሳናስበው ያንኑ ዘዴ እንከተላለን ማለት ነው።

አምስቱ ዓመታት

ፋሺስት ኢጣልያ ከ40 ዓመት በኋላ ስትመለስ የወሎ ደጋ እንደገና የጦር መንገድ ሆነ። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ተደበደበች፤ ሚያዝያ 7 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት ገባባት። ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ተያዘች። ወራሪው በግንቦት ወር ባወጣው ሕግ ኢትዮጵያን ከኤርትራና ከሶማሊያ ጋር ቀላቅሎ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» ሲል ሰየማት፤ በስድስት ግዛትም ሸነሸናት። ወሎ ጎንደር ላይ መቀመጫው በሆነው «አማራ» በተባለው ግዛት ተከለለ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የወጣው የዘር ሕግ ኢጣልያዊ ከአፍሪካዊት ጋር እንደ ባልና ሚስት አብሮ ቢኖር እስከ 5 ዓመት እንዲታሰር አዘዘ። በ1932 ዓ.ም. የተጨመረው ሕግ ደግሞ ከኢጣልያዊ አባት የተወለደውን ክልስ ልጅ አባቱ እንዳይቀበለው ከለከለ።

እንግዲህ ይህ ቅኝ አገዛዝ አልነበረምን? በወራሪው ሕግና አሳብ ከሄድን ቅኝ አገዛዝ ነበር፤ የተገደሉት፣ የታሰሩትና የተጋዙት ሰዎችም የደረሰባቸው ከቅኝ ተገዥ መከራ አላነሰም። በተግባር ከሄድን ግን ወራሪው ከተማና ጥርጊያ መንገድ እንጂ አገሩን በሙሉ አልያዘም። በሰሜን ወሎ የዋጉ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በ1930 ዓ.ም. መጀመሪያ እስኪገደሉ ድረስ ተዋጉ። ከመካነ ሰላም ፊት ለፊት፣ ከዓባይ ማዶ ባለው ምሥራቅ ጎጃም፣ በላይ ዘለቀ ለጠላት አልገዛም ብሎ ዘለቀ። «ቅኝ አልተገዛንም» የሚለው ቃል ትርጉም የሚያገኘው እንዲህ ሲነገር ነው፤ ቅኝ የማድረጉ ሥራ ተጀምሮ ነበር፣ ሳይፈጸም እንዲቀር ያደረጉት ሰዎች ናቸው።

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ከቀኙ ዓምድ ብቻ የወጡ አልነበሩም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የኤርትራ ተወላጆች ነበሩ። በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጎን ሆኖ ፋሺስትን ያባረረው በእንግሊዝ የሚመራው ሠራዊትም ከሱዳን፣ ከኬንያ፣ ከናይጄሪያ፣ ዛሬ ጋና ከምትባለው ከጎልድ ኮስት፣ ከሕንድና ከደቡብ አፍሪካ የመጡ ወታደሮች ነበሩበት። ከነዚህ ብዙዎቹ ራሳቸው በቅኝ አገዛዝ ሥር የነበሩ ናቸው። ያልተገዛችውን አገር ነፃ ለማውጣት የተገዙት ደም አፈሰሱ። ይህ በሠንጠረዡ ላይ የሚሠፍርበት ቦታ የለውም።

ውለታው ግን የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ኢጣልያ በመስከረም 1928 ዓ.ም. ድንበር በተሻገረች ጊዜ ኳሜ ንክሩማ ለንደን ላይ ነበሩ። የወረራው ዜና ቁጣ እንደ ቀሰቀሰባቸውና የቅኝ አገዛዝን ውድቀት ለማየት እንዳስመኛቸው በሕይወት ታሪካቸው ተርከዋል። ጋና በ1949 ዓ.ም. ነፃ ወጣች፤ ንክሩማም በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተር በተፈረመ ጊዜ አዲስ አበባ ላይ ተገኙ። ኤርትራ ከኢጣልያ በኋላ በእንግሊዝ አስተዳደር፣ ከ1945 ዓ.ም. ጀምሮም ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ኖራ፣ ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈርሶ ከረዥም ጦርነት በኋላ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች መንግሥት ሆነች። በአንቀጽ 3 መሰመር የጀመረው ወሰን ከመቶ ዓመት በኋላ የሁለት አገሮች ወሰን ጥያቄ ሆኖ ብዙ ሕይወት እንዳስከፈለ የዛሬው ወጣት ያውቃል። መስመሩ ማን፣ የትና ለምን እንዳሰመረው ካልተማረ ግን ያየውን መከራ ከአባቶቹ ታሪክ ጋር ሊያያይዘው አይችልም።

ለመምህሩና ለከያኒው

ከዚህ ሁሉ የሚከተለው ምንድን ነው? መምህሩ ሠንጠረዡን ማጥፋት የለበትም፤ ማፍረስ ያለበት በሁለቱ ዓምዶች መካከል ያለውን ግድግዳ ነው። የወሎን ካርታ በሰሌዳ ላይ ስሎ መቅደላን፣ ውጫሌንና ወረኢሉን ከመካነ ሰላም ጋር በመስመር ያገናኝ። የውጫሌን ውል አንቀጽ 3 እና አንቀጽ 17 ጎን ለጎን ጽፎ አንዱ ለምን እንደ ፈረሰ፣ ሌላው ለምን እንደ ጸና ተማሪዎቹ እንዲከራከሩ ያድርግ። በየቀበሌው ካሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ስለ አምስቱ ዓመታት ከወላጆቻቸው የሰሙትን ተማሪዎቹ እንዲጠይቁና እንዲጽፉ ይላካቸው። በአካባቢው ዛሬ የመቅደላ አምባን ስም የተሸከመ ዩኒቨርሲቲ ተቋቁሞ በመካነ ሰላምም ግቢ አለው፤ ከትምህርት ቤቶቹ ጋር ተባብሮ እንዲህ ያለውን የቃል ታሪክ ለመሰብሰብ ከዚህ የቀረበ ተቋም አይገኝም።

ከያኒውም ድርሻ አለው። ስለ ቴዎድሮስና ስለ አድዋ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙ ተዘምሯል፤ ብዙ ሥዕል ተሥሏል። ነገር ግን የወርቂት መንገድ መስጠት፣ የሰገነይቲው ባላባት ቁጣ፣ እጁ የተቆረጠው አስካሪ ወደ መንደሩ ሲመለስ የሚሆነው ነገር፣ ከናይጄሪያ መጥቶ በኢትዮጵያ ምድር የተቀበረው ወታደር ታሪክ ገና ብዙ ብዕርና ብሩሽ ይጠብቃሉ። እነዚህን የሚነካ የጥበብ ሥራ የድላችንን ታላቅነት አይቀንስም፤ ያለ እነርሱ ድሉ ምን እንዳስከፈለ አይታወቅምና።

ነፃነታችን መቅደላ ላይ ባዕዱ ለመቆየት ባለመፈለጉ ተረፈ። ውጫሌ ላይ በወረቀት ሊወሰድ ነበር። ከወረኢሉ ተነሥቶ አድዋ ላይ በጦር ተጠበቀ። በአምስቱ ዓመታት ተነጥቆ በአርበኞችና በሌሎች የተገዙ ሕዝቦች ልጆች ደም ተመለሰ። «ኢትዮጵያ በቅኝ ያልተገዛች አገር ናት» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያለበት እነዚህ አራት ታሪኮች ተምረው ካለቁ በኋላ፣ በትምህርቱ መደምደሚያ ነው። ተማሪውም ያን ጊዜ ሲጽፈው ምን እንደሚል ያውቃል፤ በግራው ዓምድ ያሉትንም ሲያነብብ እንደ ወንድምና እንደ እኅት ስም ያነብባቸዋል።